መቶ አሥር ኪሎ ሜትር

የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ካርታው ሞላው፤
አንዱን ጫፍ በጨው ዕቃ፥ አንዱን በመነጽሩ ቤት አስይዞ ዘረጋው።
ውጭው ገና መጋቢት ነው። ከጣሪያው የተንጠለጠለው በረዶ
ጠብ ጠብ ይላል፥ እንደ ሰነፍ ሰዓት፥ መዘግየትን ለምዶ።

«ሄልሚ፥ ሰኔ እንደገባ እንነሣለን» አለኝ፥ እርሳሱን በምላሱ እያራሰ፤
ቶይቮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስንቱን ዐቅዶ ስንቱን አፈረሰ!
የሳውና ቤቱ ግማሹ፥ ጀልባው ሩቡ፥ ይኸው ደጅ እንደ ቆመ ነው።
ይህ ግን ሌላ ነው፤ ድምፁ ውስጥ የሞተር መነሣት አለው።

ከተንደር ቤይ ወደ ምሥራቅ ምርጫ የለም፤
አገሩ በኒፒገን እንደ ወገብ ጠብቦ በአንድ ድልድይ ያልፋል፤
ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤
አንደኛው ሐይቁን ይዞ፥ ፎቶ አንሺ ወደሚወደው፥
ሌላው ወደ ሰሜን፥ ጥድ ብቻ ወደሚያውቀው።
«በሰሜኑ» አለ።
እኔም የፈለግሁት እርሱኑ ነበር፤ ግን ቶሎ እሺ ማለት ልማዴ አይደለም፤
«ትንኙስ?» አልሁ። «ትንኝ የሌለበት አገር የለም።»

እርሱ ቁጥር ያነባል፥ እኔ በደብተር እጽፋለሁ፤
ጌራልድተን፥ ሎንግላክ... ስሞቹን እንደ ከረሜላ እመጠምጣለሁ።
ከሎንግላክ እስከ ሄርስት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ጫካ፥
ማደያ የለም፤ «ሁለት ጄሪካን ጻፊ» አለ፥ በጣቱ እየለካ።
ከሄርስት ወዲያ ሰዉ ሰላምታውን በፈረንሳይኛ ይሰጣል፤
«ዳቦ ምንድን ነው የሚባለው?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ፤ ይረሳል።
ሲመሽ መንዳት የለም። ሙስ የሚሉት ግዙፍ አጋዘን ከጫካ ይወጣል፤
ዐይኑ ከመኪና መብራት በላይ ነው፤ እግሩን ብቻ ታያለህ፥
ቀሪው በመስታወት ይገባል።

ጎማውን ሊያይልን የመጣው አምብሮዝ፥ ኦጂብዌው ጎረቤታችን፥
በቅባት ጣቱ ሳይነካ ጎንበስ ብሎ አየ ካርታችንን፤
«መልካም ነው፤ ግን ወረቀት ላይ ነፋስ የለም» አለና
ቆቡን ደፍቶ ወጣ።
እኛም ጨመርንበት፦ በየቀኑ አንድ ሰዓት፥ ለነፋስ።

ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ነገር ጎደለኝ፤
የመጀመሪያው ቀን የሚነሣው ከኒፒገን ነው። «ከቤታችን እስከዚያስ?» አልሁኝ።
«እርሱማ መቶ አሥር ኪሎ ሜትር። ምን አለው? ዐውቀዋለሁ።»

ያውቀዋል።
ሠላሳ አንድ የበረዶ ወራት በመጥረጊያ መኪናው ጠርጎታል፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ምላጩ አስፋልት ሲነካ
እኔ አልጋ ውስጥ ሆኜ ጥርሴ ሰምቶታል።
ሄደ፥ ተመለሰ፥ ሄደ፥ ተመለሰ፥ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ፤
ዓለምን ዐሥር ጊዜ የሚያዞር ርቀት ነዳ፥ በአንዲት ቁራጭ ጎዳና።
እኔ ያን መንገድ የማውቀው ሱሪው ላይ በሚነጣው ጨው ነው።
አንድ ሌሊት ደግሞ፥ ከፐርል መታጠፊያ ዘግይቶ መጥቶ፥
ጫማውን ሳያወልቅ እስኪነጋ ተቀመጠ።
አልጠየቅሁትም። ያን ጊዜ ልጆች ነበሩ፥ ምሳ ዕቃ ነበረ፥
ሲነጋ ደግሞ ሌላ በረዶ ነበረ።

«እንግዲያው» አልሁና እርሳሱን ከእጁ ወሰድሁ፤
«የመጀመሪያው ቀን፥ መቶ አሥር ኪሎ ሜትር» ብዬ ጻፍሁ።
«ከዚያ አናልፍም?»
«አናልፍም።»
«በዚህ አያያዛችን ውቅያኖሱ ሳንደርስ በረዶ ይይዘናል!»
«ይያዘን፤ አንተ አይደለህ ጠራጊው?»

ዝም አለ። ጣቱ ካርታው ላይ ሄደ፤ ፐርል ጋ ቆመ፤
እዚያው ቆየ።
ከጣሪያው የበረዶው ዘንግ ተሰብሮ ወደቀ፤ ሁለታችንም ዞር አላልንም።

ኋላ ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ፥
ከጄሪካኑ ሥር፥ ከትንኝ ቅባቱ ሥር፥
በዚያ በማይነበብ ጽሑፉ አንድ ነገር ጨመረ።
ሲተኛ ተነሥቼ አየሁት፦
«አካፋ።»

በሰኔ።